ውጭው ነፋሻ፣ ውስጡ እቶን
ስለ ውሻና ስለ ቆመ መኪና፣ በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የቀረበ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ጥያቄው አጭር ነው። ውሻን መኪና ውስጥ ቆልፎበት፣ ሱቅ ገብቶ መውጣት ይገባል ወይስ አይገባም? መልሱን ለመጨረሻ ደብቄ ላጓጓችሁ አልፈልግም። ፀሐይ በወጣበት ቀን፣ ሞተሩ በጠፋ መኪና ውስጥ፣ አይገባም። ለአምስት ደቂቃም አይገባም። መስኮቱ ጥቂት ዝቅ ቢልም፣ መኪናው ዛፍ ሥር ቢቆምም፣ ውሃ በሳህን ቢቀመጥለትም ያው ነው። የቀረኝን ሰዓት የምጠቀምበት ለምን እንዲህ እንዳልኩ ለማስረዳት ነው። ማስረዳት ያስፈለገኝም ይህን የሚያደርገው ሰው ጨካኝ ስላልሆነ ነው። ውሻውን የማይወድ ሰው በመኪና ይዞት አይዞርም። ይህ አደጋ የሚያገኘው ቤት ትቶት መሄድ ያሳዘነውን፣ «ይናፈስልኝ» ብሎ ያስከተለውን ሰው ነው።

«ሰው ስንት መከራ ባለበት ዘመን ስለ ውሻ ተሰበሰብን?» የሚል ካለ ቅር አይለኝም። ብዙዎቻችን ያደግነው ውሻ ግቢ በሚጠብቅበት እንጂ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ በመስኮት በሚያይበት አገር አይደለም። ነገር ግን ዛሬ የምነግራችሁ ልኬት መጀመሪያ የተሠራው ለውሻ አልነበረም። የተሠራው ለልጆች ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ በቆመ መኪና ሙቀት የሚሞቱ ሕፃናት በአማካይ በዓመት 37 ያህል ናቸው። ከእነዚህ ከግማሽ የሚበልጡት ወላጅ ወይም አሳዳጊ ረስቷቸው የቀሩ ናቸው። እንግዲህ ስለ ውሻው ስናገር ስለ ሕፃኑም እየተናገርኩ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በካሊፎርኒያ፣ ካትሪን ማክላረን፣ ጃን ነል እና ጄምስ ኩዊን የተባሉ ሦስት ሰዎች አንድ ቀላል ሥራ ሠሩ። ነል የአየር ጠባይ ባለሙያ ነው፤ ሌሎቹ ከሕክምናው ወገን ናቸው። ፀሐያማ የሆኑ 16 ቀናት መርጠው፣ መኪና ፀሐይ ላይ አቁመው፣ የውስጡን ሙቀት ለአንድ ሰዓት በየአምስት ደቂቃው ለኩ። ውጤቱ በ2005 ፔዲያትሪክስ በተባለው የሕፃናት ሕክምና መጽሔት ታተመ። የመኪናው ውስጥ በአንድ ሰዓት በአማካይ በ22 ዲግሪ ጨመረ። ዲግሪ ስል ሴንቲግሬድ ነው፤ የፋራናይቱን ነገር ይህን ያህል ኖሬበትም አልለመድኩትም። ከጭማሪው 80 በመቶው የመጣው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን አማካዩ አይደለም። ከ16ቱ ቀናት እጅግ ቀዝቃዛው ውጭው 22 ዲግሪ ገደማ የነበረበት ነው። በዚያ ቀን የመኪናው ውስጥ እስከ 47 ዲግሪ ደረሰ።

22 ዲግሪ ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። የአዲስ አበባ ከሰዓት በኋላ ነው። ሹራብ ደርበን የምንወጣበት፣ ጥላ ውስጥ ሲቆዩ ብርድ ብርድ የሚልበት አየር ነው። የደጋ ሰው ሙቀትን የሚያውቀው በአዋሽ፣ በመተማ፣ በጋምቤላ ነው፤ «እዚህ ምን ሙቀት አለና?» ይላል። ስህተቱ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መኪናውን የሚያሞቀው የውጭው አየር ሳይሆን ፀሐይዋ ናት። ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ላይ ባለ ከተማ ደግሞ አየሩ ስስ ስለሆነ ፀሐይዋ ከቆላው ይልቅ ትበረታለች። ቦሌ መንገድ ዳር የቆመ መኪና የሚሆነውን ለማወቅ ወደ በረሃ መውረድ አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። የፀሐይ ብርሃን በመስታወቱ በኩል ያለ ችግር ያልፋል። ዳሽቦርዱ፣ መሪውና ወንበሩ ይቀበሉታል፤ ጥቁር ከሆኑ ይብስባቸዋል። የጋለው ዕቃ ሙቀቱን መልሶ ሲለቀው ጨረሩ ዓይነቱን ለውጧል፤ መስታወቱ እንደ መግቢያው አያሳልፈውም። ዋናው ነገር ግን አየሩ ነው። ሜዳ ላይ የሞቀ አየር ወደ ላይ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ይተካዋል። መኪና ውስጥ መውጫ የለውም፤ ከጋለው ዳሽቦርድ እየተነሳ እዚያው ይሽከረከራል። የመኪና አየር ትንሽ ስለሆነም ለመሞቅ ጊዜ አይፈጅበትም። ከነል ልኬቶች የወጣው ሠንጠረዥ ውጭው 21 ዲግሪ ሲሆን ውስጡ በ10 ደቂቃ 32፣ በ20 ደቂቃ 37፣ በግማሽ ሰዓት 40 እንደሚደርስ ያሳያል።

«መስኮቱን ከፈት አድርጌለታለሁ» የሚለውን ሁላችንም ሰምተናል። ተመራማሪዎቹም ሰምተውት ነበርና ሞከሩት። መስታወቱን አራት ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው ለኩ። ተዘግቶ ሳለ በየአምስት ደቂቃው 1.9 ዲግሪ ገደማ ይጨምር የነበረው፣ ከፈት ሲል 1.7 ሆነ። መጨረሻ ላይ የደረሰበት ሙቀት ግን ለውጥ አልነበረውም። ያቺ ስንጥቅ የምታረጋጋው ባለቤቱን ነው።

ጥላውስ? ጥላ ይረዳል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ጄኒፈር ቫኖስና ባልደረቦቿ አሪዞና ውስጥ ሠርተው በ2018 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ38 ዲግሪ በላይ በሆኑ ቀናት ፀሐይ ላይ ለአንድ ሰዓት የቆሙ መኪናዎች ውስጣቸው በአማካይ 47፣ ዳሽቦርዳቸው 69 ዲግሪ ደርሷል። ጥላ ውስጥ የቆሙት ደግሞ ውስጣቸው 38፣ ዳሽቦርዳቸው 48 ሆነ። ዘጠኝ ዲግሪ ቀላል ልዩነት አይደለም። ነገር ግን 38 ዲግሪ ላይ ተዘግቶበት መቀመጥ የሚፈልግ ማን ነው? ጥላ ደግሞ በቦታው አይቆይም። ስትገቡ የነበረው ጥላ ስትወጡ ሁለት መኪና አልፎ ሄዷል።

አሁን ወደ እንስሳው ልምጣ፤ ሙቀቱ ለሰው ሌላ፣ ለውሻ ሌላ ነውና። ጤነኛ ውሻ ሙቀቱ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ነው፤ ከ41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው። ያለው ርቀት ሁለት ዲግሪ ብቻ ነው። እኛ በመላ ሰውነታችን እናልባለን። ውሻ የሚያልበው በመዳፉ ሥር ነው፤ እሱም የሚያቀዘቅዘው ከቁጥር አይገባም። የቀረው መሣሪያ ማለክለክ ነው። ምላሱን አውጥቶ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ ከምላሱ፣ ከአፉና ከአፍንጫው ውስጥ እርጥበት ይተናል፤ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ይህ ጥሩ የሚሠራው አየሩ ደረቅ ሲሆንና ከሰውነቱ ሲቀዘቅዝ ነው። በተዘጋ መኪና ውስጥ ውሻው በራሱ ትንፋሽ አየሩን ያረጥበዋል፤ እየረጠበ በሄደ ቁጥር ማለክለኩ ይከሽፋል፤ ሲከሽፍበት ይበልጥ ያለከልካል፤ ማለክለኩ ራሱ የጡንቻ ሥራ ነውና ተጨማሪ ሙቀት ያመነጫል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አየሩ ገና ከጠዋቱ እርጥብ በሆነበት በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ይህ አዙሪት የሚጀምረው ቀድሞ ነው። አፍንጫቸው የተደፈጠጠ እንደ ቡልዶግና ፐግ ያሉት ውሾች መተንፈሻቸው በተፈጥሮ የጠበበ ስለሆነ፣ ሌላው ውሻ የሚቋቋመው እነሱን ይጥላቸዋል። ያረጁት፣ የወፈሩትና ልብ የሚያማቸውም እንዲሁ።

ሂትስትሮክ የሚባለው የሙቀት ሕመም ውሻን የሚገድለው «ሞቆት ደክሞት» አይደለም። የአንጀቱ ግድግዳ ይጎዳና ባክቴሪያ ወደ ደም ይሾልካል። የደም መርጋት ሥርዓቱ ይዛባል። ኩላሊት ይቆማል፤ አንጎል ያብጣል። በመኪናው ውስጥ ያልሞተ ውሻ ከቀናት በኋላ በእንስሳት ሐኪም ቤት ሊሞት የሚችለውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ለክርክሬ የማይመች ጥናት ልጥቀስ፤ ልዘለው እችል ነበር፣ ግን ትክክል አይሆንም። ኤሚሊ ሆል፣ አን ካርተር እና ዳን ኦኔል በብሪታኒያ የእንስሳት ሐኪም ቤቶች መዝገብ አገላብጠው በ2020 ባወጡት ጽሑፍ፣ በውሾች ላይ ከደረሰ የሙቀት ሕመም ውስጥ በመኪና የተነሳው 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። 74 በመቶው የመጣው ከሩጫና ከእግር ጉዞ ነው። ሙቀት ላይ ኳስ እየወረወሩ ማሯሯጥ ከመኪናው ይልቅ ብዙ ውሻ ለሐኪም ዳርጓል ማለት ነው። ታዲያ ስለ መኪናው ይህን ያህል መጮህ ለምን? አንደኛ፣ ሰው ስለ መኪናው አደጋ አስቀድሞ መስማቱ ቁጥሩን ዝቅ ሳያደርገው አልቀረም ብዬ እገምታለሁ። ሁለተኛ፣ የደከመው ውሻ ሜዳ ላይ ሊተኛ፣ አልሄድም ሊል ይችላል፤ ባለቤቱም አጠገቡ ነው፣ ያየዋል። የተቆለፈበት ውሻ የሚያየው የለም። ያም ሆኖ የቀትሩን ሩጫ አቁሙ፤ ይህ ጥናት የነገረንን ችላ ብላችሁ ወደ ቤት እንዳትሄዱ።

አሁን ወደ «አምስት ደቂቃ» ልመለስ፤ ከሙቀቱ ይልቅ እኔ የምፈራው እሷን ነው። መድኃኒት ቤት ለአምስት ደቂቃ የገባ ሰው ኢንሹራንሱ አልሠራ ብሎት ስልክ ላይ ይቆያል። እንጀራ ሊገዛ ብቅ ያለ ሰው ለዓመታት ያላየውን አብሮ አደጉን ያገኛል፤ ሰላምታችን ደግሞ ስንት ጊዜ እንደሚወስድ ታውቃላችሁ፤ እናት፣ አባት፣ እህት፣ የእህት ልጅ ሁሉ ደህና መሆናቸው ሳይረጋገጥ አይለቀቅም። ገንዘብ ተቀባይዋ ፊት ሦስት ሰው አለ፤ አንዱ ኩፖን ይቆጥራል። ሰውየው አልዋሸም፣ አስቦም አልበደለም። የራሱን ጊዜ መገመት አልቻለም እንጂ። የውሻው ሕይወት የተንጠለጠለው በዚህ ግምት ላይ ነው። ከሙቀቱ ጭማሪ አብዛኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ይመጣል ብያለሁ፤ አምስት ደቂቃ ደግሞ ግማሽ ሰዓት ለመሆን ብዙ አይቸግራትም።

ቴክኖሎጂው ችግሩን አልፈታውም ወይ የሚል ይኖራል። ቴስላ በ2019 ለመኪናዎቹ የውሻ ሞድ የሚባል ነገር አወጣ፤ ባለቤቱ ሲወርድ ኤሲው መሥራቱን ይቀጥላል፣ የፊቱ ስክሪን ላይም የውስጡ ሙቀት ስንት እንደሆነና ባለቤቱ እንደሚመለስ ለአላፊ አግዳሚ ይጻፋል። ብልህ ነገር ነው፤ ውሻውን ለማዳን መስታወት ሊሰብር የተነሳንም ሰው ያረጋጋል። ነገር ግን ባትሪ አለው፣ ባትሪ ደግሞ ያልቃል። በቤንዚን መኪና ሞተሩን አስነስተው ትተው የሚሄዱም አሉ። ሞተር ይጠፋል፣ ኤሲ ይበላሻል፣ ውሻው የበሩን ቁልፍ ረግጦ ባለቤቱን ከውጭ ይቆልፍበታል። እንዲህ ያለውን መሣሪያ የምቀበለው ሰውየው መኪናውን ከሚያይበት ቦታ እስካልራቀ ድረስ ነው።

ሕጉን በተመለከተ አንድ ወጥ ነገር የለም፤ አሜሪካ ነዋ። እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ፣ ለሲልቨር ስፕሪንግ ሰዎች፣ ውሻን ወይም ድመትን ጤናውን ወይም ደኅንነቱን በሚያሰጋ ሁኔታ በቆመ መኪና ውስጥ ያለ ጠባቂ መተው በትራፊክ ሕጉ የተከለከለ ነው። ሕጉ ተመጣጣኝ ኃይል ተጠቅመው እንስሳውን እንዲያወጡ የፈቀደው ለፖሊሶች፣ ለእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኞችና ለእሳት አደጋና ለነፍስ አድን ሰዎች ለመሳሰሉት ነው። ካሊፎርኒያ በ2006 ያወጣችው ሕግ፣ ውሻው ከባድ ጉዳት ካልደረሰበት ለመጀመሪያ ጊዜ ጥፋት በአንድ እንስሳ እስከ 100 ዶላር ያስቀጣል፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰበት ቅጣቱ እስከ 500 ዶላር፣ እስከ 6 ወር እስራት ወይም ሁለቱም ነው። በ2016 ደግሞ ተራው ሰውም መስታወት ሰብሮ ቢያወጣ በፍትሐ ብሔር እንዳይጠየቅ ፈቀደች። በዘፈቀደ ግን አይደለም። መኪናው የተቆለፈ መሆን አለበት፤ ሰውየው እንስሳው ወዲያው ካልወጣ ጉዳት ሊደርስበት ነው ብሎ በቅንነት ያመነ መሆን አለበት፤ ከመስበሩ በፊት ፖሊስ ወይም የሚመለከተውን ክፍል መጥራት፣ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል አለመጠቀም፣ ካወጣው በኋላም ኃላፊ እስኪመጣ ከእንስሳው ጋር መቆየት አለበት። ሰብሮ መሸሽ አይፈቀድም። በእንግሊዝ ውሻን መኪና ውስጥ መተው በራሱ በስም የተጻፈ ወንጀል አይደለም፤ ውሻው ከተሰቃየ ግን በ2006ቱ የእንስሳት ደኅንነት ሕግ ያስከስሳል።

የካሊፎርኒያው ቅደም ተከተል ሌላ ቦታም ጥሩ መምሪያ ነው። ውሻ ተቆልፎበት ብታዩ የመኪናውን ዓይነትና የሰሌዳ ቁጥር መዝግቡ፤ አንዳችሁ ሱቁ ገብታችሁ ባለቤቱን በድምፅ ማጉያ አስጠሩ፤ ሌላችሁ 911 ደውሉ። ከዚያ ውሻውን ተመልከቱ። ቢያለከልክም ቆሞ የሚከታተላችሁ ከሆነ ጊዜ አለ። ለሀጩ ወፍሮ ከተዝረከረከ፣ ድዱ ደም ከመሰለ፣ ከተንገዳገደ፣ ካስታወከ ወይም ከወደቀ ጊዜ የለም፤ ይህንኑ ስልኩ ላይ ላለው ሰው ንገሩ።

ውሻው ከወጣ በኋላ አብዛኛው ሰው የሚሠራው ስህተት አለ፤ እንደጋለ መኪና ላይ ጭኖ ወደ ሐኪም መሮጥ። ቀድሞ የጠቀስኳቸው የብሪታኒያ ባለሙያዎች የሚመክሩት መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው። ጥላ ውስጥ አስገብታችሁ ከሰውነቱ የቀዘቀዘ ውሃ አፍስሱበት፣ አራግቡለት። የቧንቧ ውሃ ይበቃል፤ በረዶ ፍለጋ አትሂዱ። እርጥብ ፎጣ ማልበስ የሚረዳ ይመስላል፤ ፎጣው ወዲያው ሞቆ ሙቀቱን ይይዝበታል። መጠጣት ከቻለ ይጠጣ፤ ራሱን ስቶ ከሆነ አፉ ውስጥ አታፍስሱ። ተነስቶ ቢራመድም ሐኪም ይየው፤ የውስጥ ጉዳቱ ዘግይቶ ይወጣልና።

ስለ ሃይማኖት ከጠየቃችሁኝ፣ እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ነገር ግን በሁለቱም ወገን የምታውቁት ነገር አለ። መጽሐፈ ምሳሌ ጻድቁን ሰው ከሚለይበት ነገር አንዱ ለእንስሳው ያለውን አያያዝ ነው። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ደግሞ ጥም ያቃጠለው ውሻ ያየ መንገደኛ ጉድጓድ ወርዶ በጫማው ውሃ ቀድቶ አጠጣው፤ ለዚያም ኃጢአቱ ተማረለት። ውሻን ቤት ማስገባትና አለማስገባት ላይ እንከራከር ይሆናል፤ ሲጠማው ማጠጣት ላይ ግን ክርክር የለም።

ክረምቱን በአጭሩ ልለፈው። መኪና ሙቀት እንደሚሰበስበው ሁሉ ብርድ ሲሆንም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ለቡችላ፣ ለሽማግሌና ጸጉረ አጭር ለሆነ ትንሽ ውሻ በጥር ወር የቆመ መኪና ማረፊያ አይደለም። ደመናማና ቀዝቀዝ ባለ የጥቅምት ጠዋት፣ ባለቤቱ ከመስኮቱ ማዶ ቡና እየጠጣ መኪናውን እያየ ከሆነ ግን ማንንም አልወቅስም።

እስካሁን የተናገርኩት በአብዛኛው ውሻ ላላቸው ነው። ውሻ የሌላችሁ፣ በተለይ ምግብ ቤት ያላችሁና ታክሲና ኡበር የምትነዱ፣ ውሻው መኪና ውስጥ የሚቀረው አንዳንዴ በእናንተ ቃል መሆኑን እወቁ። ዓይነ ስውር ደንበኛ ከመሪ ውሻው ጋር ሲመጣ «ውሻው መኪና ውስጥ ይቆይ» የሚል አስተናጋጅ ሕግ ጥሷል፤ እንስሳውንም ለአደጋ ዳርጓል። በ1990 በወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ መሠረት ለአገልግሎት የሰለጠነ ውሻ ባለቤቱ የሚገባበት የሕዝብ ቦታ ሁሉ ይገባል፤ ታክሲም ላይ ይሳፈራል፣ ተጨማሪ ሒሳብ አይጠየቅበትም። ውሻ እፈራለሁ፣ ወይም አለርጂ አለብኝ ማለት መከልከያ ምክንያት አይሆንም። የውሻው ሥራ ግልጽ ካልሆነ የተፈቀደላችሁ ሁለት ጥያቄ ነው፦ ይህ ውሻ ለአካል ጉዳት የሚያስፈልግ የአገልግሎት ውሻ ነው? ምን እንዲሠራ ሰለጠነ? ወረቀት አይጠየቅም፤ ስለ ሰውየው ሕመምም አይጠየቅም። ውሻው ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ ባለቤቱ ካላስቆመው፣ ወይም ቤት ውስጥ የሚጸዳዳ ከሆነ ብቻ እንዲወጣ ማድረግ ትችላላችሁ። ያን ጊዜም ሰውየውን ያለ ውሻው ማስተናገድ ግዴታችሁ ነው። ለማጽናናት ብቻ የሚያዝ፣ ያልሰለጠነ ውሻ በዚህ ሕግ አይሸፈንም።

ጠረጴዛ ሥር የተኛው ውሻ አሳዝኗችሁ ከዶሮ ወጡ እንዳትጥሉለት አደራ። ሥራ ላይ ነው፤ ሽንኩርቱ ደግሞ ለውሻ መርዝ ነው፣ የበሰለው አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀቱን ይወጋዋል። ውሃ ከፈለጋችሁ ስጡት፤ እሱንም ባለቤቱን ጠይቃችሁ።